ኮዙሜል ላይ በራስ ወርዶ መብላትና መገብየት

ጥያቄው ከዳላስ የመጣ ነው፦ «ነሐሴ ላይ ከጋልቨስተን በሚነሳ ክሩዝ ልንሄድ ነው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ አብረን ነን። ኮዙሜል የምንቆየው አንድ ቀን ነው። መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት ለአምስት ሰው ሲባዛ ከበደን። በራሳችን ወርደን፣ ምሳ በልተን፣ ትንሽ ዕቃ ገዝተን መመለስ እንችላለን? እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ሁላችንም አሳማ አንበላም። ስፓኒሽም አንችልም።»

ሰላም እህቴ። አዎ፣ ትችላላችሁ። ኮዙሜል በራስ ለመውረድ ከሚቀሉት የሜክሲኮ ወደቦች አንዱ ነው። ደሴት ነው፤ ያለውም ከተማ አንድ፣ ሳን ሚጌል ብቻ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ታክሲም እንደ ልብ ይገኛል። በ2024 ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ ረግጦታል፤ እንግዳ መቀበል የከተማው እንጀራ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ይህን ያህል ሰው ለጥቂት ሰዓት ሲራገፍ፣ መርከብ መቆሚያው አጠገብ ያለው ሱቅና ምግብ ቤት ለእሱ ተብሎ ይሠራል። ዋጋው የአሜሪካ ነው፣ ጣዕሙም እንደዚያው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው አንድ ነው፦ ለባሕሩ ጀርባችሁን ስጡና አራት አምስት ጎዳና ወደ ውስጥ ግቡ። ሰዎቹ ራሳቸው የሚበሉበትን ቦታ የምታገኙት እዚያ ነው።

በመጀመሪያ መርከባችሁ የት እንደሚቆም አረጋግጡ። ሦስት የክሩዝ መቆሚያ አለ። ፑንታ ላንጎስታ መሀል ከተማ ላይ ነው፤ ከዚያ ዋናው አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ዓለም አቀፉ መቆሚያና ፑዌርታ ማያ፣ በስተደቡብ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። የካርኒቫል መርከቦች ብዙውን ጊዜ ፑዌርታ ማያ ይቆማሉ፤ የሮያል ካሪቢያን ደግሞ ዓለም አቀፉ ላይ። በነሐሴ ሙቀት እናትዎን ይዞ ያን መንገድ በእግር መሄድ አይታሰብም። ታክሲ ያዙ።

ታክሲው ቆጣሪ የለውም። ታሪፉ በቀጠና የተወሰነ ነው፤ መውጫው አካባቢ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዋጋው በሰው ሳይሆን በመኪና ነው፤ ግን የሚሠራው እስከ አራት ሰው ነው። እናንተ አምስት ናችሁ፤ ስለዚህ ለአምስተኛው ሰው ትንሽ መጨመር ወይም ሰፋ ያለ መኪና መያዝ ሊኖርባችሁ ነው። ሳትገቡ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ። በፔሶ ነው በዶላር የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። መድረሻችሁን «ሴንትሮ» ካላችሁ ይበቃል፤ መሀል ከተማ ማለት ነው።

የከተማው አቀማመጥ ለእንግዳ የተመቸ ነው። የባሕር ዳሩ ጎዳና ራፋኤል ሜልጋር ይባላል። ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄዱት ጎዳናዎች በአምስት አምስት ይቆጠራሉ፦ 5ኛ፣ 10ኛ፣ 15ኛ፣ 20ኛ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ ከጨመረ ከባሕሩ ራቃችሁ ማለት ነው። አቋራጮቹ ደግሞ ከቤኒቶ ሁዋሬዝ ጎዳና በስተሰሜን 2፣ 4፣ 6 ናቸው፤ በስተደቡብ 1፣ 3፣ 5። ይህን ካወቃችሁ ካርታ ባይኖራችሁም አትጠፉም። የማዘጋጃ ቤቱ ገበያ አዶልፎ ሮሳዶ ሳላስ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ በ20ኛውና በ25ኛው መካከል ነው። በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ። በጠዋት ነው የሚደምቀው፤ ፍራፍሬው፣ ዓሣው፣ ቅመሙ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ውስጡ አሉ። ልጆቹ ከየትኛውም የቱሪስት ሱቅ ይልቅ እዚያ ብዙ ያያሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኮዙሜል ዶላር ይቀበላል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን በዶላር ስትከፍሉ ምንዛሪውን የሚወስነው ሻጩ ነው፤ ለራሱ በሚያዋጣው መንገድ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ ዶላር ከ16 እስከ 21 ፔሶ ሲመነዘር ቆይቷል። ከመውረዳችሁ በፊት የዕለቱን ተመን እዩ። ትልቁ ግራ መጋባት ያለው ምልክቱ ላይ ነው፤ የፔሶም ምልክት ያው የዶላሩ ምልክት ነው። ምግብ ዝርዝር ላይ 150 ተጽፎ ምልክቱን ብታዩ አትደንግጡ፤ ከባሕር ዳር ራቅ ባለ ቤት 150 ፔሶ ማለት ነው። የቱሪስት ሱቅ ውስጥ ግን ዶላርም ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ጠይቁ።

ፔሶ ለማውጣት ባንክ ውስጥ ያለ ኤቲኤም ተጠቀሙ። መንገድ ዳር ብቻውን የቆመው ማሽን ኮሚሽኑ ከባድ ነው፤ ፔሶ ትቶ ዶላር የሚሰጥም አለ። ማሽኑ «ወደ ዶላር ልቀይርልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉት። በካርድ ስትከፍሉም እንዲሁ፤ በፔሶ እንዲቆረጥ ምረጡ፣ ቅያሪውን ባንካችሁ ይሥራው። ብዙ የአሜሪካ ካርዶች ለውጭ ግብይት 3 በመቶ ገደማ ይቆርጣሉ፤ የእናንተ ካርድ የማይቆርጥ ከሆነ እሰየው። አንድ ነገር ልጨምር። 500 ፔሶና የቆየው 20 ፔሶ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ የቀድሞው ፕሬዝዳንት የቤኒቶ ሁዋሬዝ ምስል አለ። በችኮላ ስትከፍሉ ቁጥሩን አንብቡ።

ምግቡን በደንብ ላብራራ፤ ለእናንተ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነውና። ኮዙሜል የዩካታን ምግብ አገር ነው። የዩካታን ምግብ ደግሞ አሳማ ይወዳል። በጣም የሚታወቀው ምግባቸው ኮቺኒታ ፒቢል ነው፤ አቺዮቴ በሚባል ቀይ ቅመምና በኮምጣጣ ብርቱካን ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የአሳማ ሥጋ። ፖክ ቹክም አሳማ ነው። እንደ ሻዋርማ በዘንግ ላይ የሚሽከረከረውና ልጆቹ አይተው የሚጎመዡለት አል ፓስቶር ታኮም አሳማ ነው። ይሄኛው ብዙ ወገኖቻችንን ያሳስታል፤ ቅርጹ ከሊባኖስ የመጣ ስለሆነ በግ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዝርዝር ላይ ሴርዶ፣ ፑዌርኮ፣ ሌቾን፣ ካርኒታስ፣ ቺቻሮን፣ ቶሲኖ፣ ሃሞን የሚሉ ቃላት ካያችሁ እለፉ፤ ሁሉም አሳማ ነው። ቾሪሶና ሎንጋኒሳ የሚባሉትን ቋሊማዎችም ተዉአቸው።

የምትበሉት ግን ሞልቷል። ሬስ ማለት የበሬ ሥጋ ነው፣ ፖዮ ዶሮ፣ ፓቮ ተርኪ፣ ፔስካዶ ዓሣ። የበሬ ጥብስ ታኮ ካማራችሁ «አራቼራ» ወይም «ቢስቴክ» ብላችሁ እዘዙ። ሳልቡቴስ የሚባለው፣ በዘይት ተጠብሶ የሚነፋ የበቆሎ ቂጣ ላይ የዶሮ ወይም የተርኪ ሥጋ የሚደረግበት፣ ለልጆች በጣም ይሆናል። ወንድሙ ፓኑቾ ግን ውስጡ ባቄላ አለው፤ ባቄላው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። ሶፓ ደ ሊማ የሚሉት በዶሮና በሎሚ የሚሠራ ሾርባ ነው፤ ለሆድ ቀላል ነው። ዓሣ ለሚወድ ደግሞ ቲኪን ሺክ አለ፦ በአቺዮቴ ተቀብቶ በሙዝ ቅጠል ላይ የተጠበሰ ሙሉ ዓሣ። እኔን ብትጠይቁኝ ኮዙሜል ሄዶ ሳይበሉት መመለስ ያስቆጫል።

የተደበቀው አሳማ ማንቴካ ይባላል፤ የአሳማ ስብ ነው። ባቄላ ውስጥና የስንዴ ቂጣ ውስጥ ይገባል። የበቆሎ ቂጣ ግን በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ ነው፤ የበቆሎውን ምረጡ። «ሲን ማንቴካ» ማለት ያለ አሳማ ስብ ማለት ነው። ይህን ሐረግ ስልካችሁ ላይ በስፓኒሽ ጽፋችሁ አሳዩአቸው። በትርጉም መተግበሪያው ስፓኒሽን ቀድማችሁ አውርዱ፤ ከመርከብ ስትወርዱ ኢንተርኔት ላይኖራችሁ ይችላል።

እናትዎን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ፤ ምግቡና ሰዓቱ። ምግቡ ይገኛል። ጉዋካሞሌ አቦካዶ ነው። ሲኪል ፓክ የሚባል የማያዎች ማጥቀሻ አለ፤ ከተቆላ የዱባ ፍሬ፣ ከቲማቲምና ከድንብላል ቅጠል ይሠራል፤ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው፣ ጣዕሙም ለእኛ አፍ ይስማማል። ኖፓል የሚሉት የተጠበሰ የቁልቋል በለስ ቅጠል ነው። በበቆሎ ቂጣ እየጠቀለሉ መብላት ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሩዙ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይሠራል። ፓፓድሱሌስ የሚባለውም ዱባ ፍሬ ነው ቢሏችሁ ውስጡ እንቁላል አለ። ደግሞ «ሲን ካርኔ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። ካርኔ ሲባል ለብዙዎቹ ቀይ ሥጋ ነው፤ ዶሮ ወይም ሃሞን ጣል አድርገው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ማንቴካ» ብላችሁ ሁሉንም ዘርዝሩ፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ክሬም፣ ስብ የሌለበት ማለታችሁ ነው።

ሰዓቱ ይከብዳል። እናትዎ እስከ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካው እስከ 3 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ መርከቡ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ከሆነ አብረው ከተማ ላይ መብላት ላይችሉ ነው። ምግቡን አስጠቅልሎ ወደ መርከብ ይዞ መግባትም አብዛኛው ኩባንያ አይፈቅድም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የመነሻውን ሰዓት እዩና ከእሳቸው ጋር ተማከሩ። ሰዓቱን ለማሳጠር ከፈለጉ ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ይሄ የእሳቸው ጉዳይ ነው። ካልሆነም መርከቡ ላይ ያለውን የምግብ ቤት ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን አነጋግሩ፤ የቪጋን ምግብ ስጡን ካላችሁ ያዘጋጃሉ። በሙቀቱ ውስጥ ውኃ ሳይጠጡ ቀኑን ሙሉ እንዲዞሩ ግን አታድርጉ። እሳቸው አደባባዩ ላይ ካለው ጥላ ሥር ከአንዳችሁ ጋር ይቀመጡ፤ ሌሎቻችሁ ገበያውን ዞራችሁ ተመለሱ።

ምሳ የት? በ15ኛውና በ30ኛው መካከል ሎንቼሪያ ወይም ኮሲና ኤኮኖሚካ የሚል ሰሌዳ ፈልጉ። ቀትር ላይ ኮሚዳ ኮሪዳ ያቀርባሉ፤ ሾርባ፣ ዋና ምግብና የሚጠጣ ነገር በአንድ ዋጋ ነው። የሚጠጣው ከጣፋጭ ውኃዎቹ አንዱ ነው፤ ሃማይካ የሚሉት ከርከዴ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ቤቱን በሰው ምረጡ። የሥራ ልብስ የለበሰ፣ ቤተሰብ፣ ተማሪ የሚበላበት ከሆነ ግቡ። በር ላይ ቆሞ በእንግሊዝኛ የሚጠራችሁ ካለ እለፉ። ውኃ የታሸገ ጠጡ። በረዶው በምግብ ቤቶች ውስጥ ከተጣራ ውኃ ተሠርቶ የሚመጣ ነው፤ ብዙም አያሳስብም። ሳልሳው (ማጣፈጫ ስጎው) አረንጓዴ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ ሃባኔሮ የሚባለው በጣም የሚያቃጥል ቃሪያ ሊሆን ይችላል። ሚጥማጣ የለመደ አፍ እንኳ በመጀመሪያ በጫፉ ይቅመሰው።

ሂሳብ ካልጠየቃችሁ አይመጣም። አስተናጋጁ ረስቷችሁ አይደለም፤ ተነሱ ማለት ነውር ስለሆነ ነው። «ላ ኩዌንታ ፖር ፋቮር» በሉ። ቲፕ በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ልማዱ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። መጀመሪያ ሂሳቡ ላይ እዩ፤ አንዳንድ የባሕር ዳር ቤት ቀድሞ ይደምረዋል። ታክሱ፣ በስማቸው ኢቫ፣ 16 በመቶ ነው፤ በሕጉ መሠረት የተለጠፈው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት። «ታክስ ለብቻ ነው» ካሏችሁ ተከራከሩ።

ወደ ገበያው እንምጣ። መርከቡ ላይ ስለ ሱቅ ገለጻ ይደረጋል፤ ካርታም ይሰጣል። ካርታው ላይ ያሉት ሱቆች ለማስታወቂያው ይከፍላሉ። ይህ ማለት ሌቦች ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን ርካሽ ስለሆኑ አልተመረጡም። የብር ጌጥ ከገዛችሁ 925 የሚል ማኅተም ፈልጉ። አልፓካ የሚሉት ብር የለበትም፣ ኒኬል ያለበት ቅይጥ ነው። መንገድ ላይ በክንዱ አንጠልጥሎ ከሚዞር ሰው ብር አትግዙ፤ ከእሱ አምባር ብትገዙም በአምባር ዋጋ ግዙ። ኦፓል ብታዩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የሜክሲኮው ኦፓል ብርቱካናማውና እሳት የሚመስለው ነው፣ ኬሬታሮ ከሚባለው ግዛት ይመጣል። በቀለም የሚንቦገቦገው ነጭ ደግሞ የወሎ ሊሆን ይችላል። የራሳችንን ድንጋይ ኮዙሜል ድረስ ሄዶ መግዛት ደስ ካላችሁ ግዙ፤ ሻጩ ግን የሜክሲኮ ነው ብሎ እንዳይሸጥላችሁ።

ከልቤ የምመክረው የዩካታንን ሃማካ ነው፤ በሁለት ጫፉ የሚንጠለጠለውን የክር መኝታ። ዘርጉት፣ ክሩን እዩ፣ የተጠላለፈበት ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥጡ ለገላ ይመቻል፣ ናይለኑ ውጭ ዝናብና ፀሐይ ይችላል። ጥልፍ ያለበት ቀሚስ ከሆነ ጀርባውን ገልብጡ፤ የእጅና የማሽን ሥራ የሚለየው እዚያ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ሱቆች ዋጋ መከራከር ያለ ነው፣ በፈገግታ ይሁን እንጂ። የእጅ ሥራ ከሠሪው ስትገዙ ግን ብዙ አታስጨንቁ። ቫኒላ፣ የተቆላ ቡና፣ አቺዮቴ ቅመም ከሱፐርማርኬት ግዙ። ከመሀል ከተማ በስተደቡብ፣ ባሕር ዳሩ ላይ ሜጋ ሶሪያና አለ፤ የከተማው ሰው የሚገዛበት ዋጋ ነው። ቫኒላ በትልቅ ጠርሙስ በጣም ርካሽ ሆኖ ካያችሁ ተጠራጠሩ። አንዳንዱ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ አሜሪካ ከ1954 ጀምሮ በምግብ ውስጥ ከልክላዋለች። እናትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጨርሶ አታምጡት።

ስለ መድኃኒት አልጠየቁም፤ ግን ልበል። በየመንገዱ ፋርማሲያ ታያላችሁ። አገር ቤት ለዘመድ መላክ የለመድን ሰዎች ነንና ዋጋው ያጓጓል። እባካችሁ ተዉት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2023 በቱሪስት አካባቢ ካሉ ፋርማሲዎች የሚሸጡ አንዳንድ ክኒኖች ሐሰተኛ እንደሆኑ፣ ፈንታኒል የተገኘባቸውም እንዳሉ አስጠንቅቋል። ፀረ ተዋስያንም ቢሆን ከ2010 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ተከልክሏል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥላችሁ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። ለሰው ሕይወት የምትልኩትን ነገር እንዲህ ካለ ሰው አትግዙ።

ሰዓት ሌላው ትልቅ ነገር ነው። የመርከቡ ጉብኝት ላይ ያለን ሰው መርከቡ ይጠብቃል፤ እናንተን አይጠብቅም። ኮዙሜል ያለችበት ኪንታና ሮ ግዛት ከ2015 ጀምሮ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀይርም። በነሐሴ ከቴክሳስ ሰዓት ጋር እኩል ነው፤ በታኅሣሥ ብትሄዱ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል። ያም ሆኖ ስትወርዱ የመርከቡን ሰዓት አይታችሁ በእጅ ሰዓት ያዙ። መሳፈሪያው የሚዘጋው መነሻው ሳይደርስ ነው፤ ሰዓቱ በር ላይ ተጽፏል። ከመሀል ከተማ ቢያንስ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ፤ ሁሉም ሰው ታክሲ የሚፈልገው በዚያው ሰዓት ነው።

ፓስፖርት ለሁላችሁም ይኑር። ከቴክሳስ ተነስቶ ቴክሳስ ለሚመለስ መርከብ አሜሪካዊ ዜጋ በልደት ወረቀት መሄድ ይችላል። መርከብ ካመለጣችሁ ወይም ሰው ታሞ በአውሮፕላን መመለስ ካስፈለገ ግን ፓስፖርት ግድ ነው። እናትዎ በግሪን ካርድ ከሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውንና ካርዱን ሁለቱንም ይያዙ፤ በእነዚህ ሁለቱ ሜክሲኮ ቪዛ አትጠይቅም። ወደ ከተማ ስትወርዱ የመርከቡን ካርድና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፤ የፓስፖርቱን ፎቶ ስልክ ላይ አስቀምጡ።

ስትመለሱ ጋልቨስተን ላይ ጉምሩክ አለ። ለአንድ ሰው እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ አብሮ የሚኖር ቤተሰብ በአንድ ላይ ማስመዝገብ ይችላል። መጠጥ ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አንድ ሊትር ነው። ቴክሳስ ግን የራሷ የመጠጥ ግብር አላት፤ ለአንድ ጠርሙስም ቢሆን ወደቡ ላይ ትከፍላላችሁ። ተኪላ ከገዛችሁ «100 በመቶ አጋቬ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን። መርከቡ ጠርሙሱን ተቀብሎ የሚመልስላችሁ በመጨረሻው ምሽት ነው። የኩባ ሲጋራ፣ የኤሊ ቅርፊት ጌጥና ጥቁር ኮራል አትያዙ። ፍራፍሬና ሥጋ ነገር እዚያው ጨርሱ፤ ተቆልቶ የታሸገ ቡና ግን አሳውቃችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።